የማትፈላዋ ድንጋይ

የወንድሜ የባህራማንድ ግራ ጆሮ አይሰማም። ገና ጢም ሳያበቅል ዘጊ ተራራ ላይ ድንጋይ ሲፈነቅሉ ድማሚቱ ሳይታሰብ ፈነዳና ጆሮውን ይዞት ሄደ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠለት። እኔ ግን እህቱ ነኝና እውነቱን ልናገር፤ ያ ጆሮ መደንቆሩ ለወንድሜ ርስት ነው የሆነለት። መስማት የማይፈልገው ነገር ሲመጣ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ያዞርና ግራ ጆሮውን ይሰጣችኋል። እናታችን «አግባ» ስትለው ግራ ጆሮውን ሰጣት። አክስቶቻችን በየተራ የልጃገረድ ስም ይዘው ሲመጡ ለሁሉም ግራ ጆሮውን ሰጣቸው። በእኛ አገር ሚስት ሳያገባ ጢሙ የሸበተ ወንድ ከእሱ ሌላ አላውቅም። ካለም ዘመዶቹ ደብቀውታል።

ሥራው ደላላ ነው። የቤት ወይም የመኪና ደላላ እንዳይመስላችሁ፣ የድንጋይ ነው። ከመንደራችን ጀርባ ያለው ዘጊ ራሰ በራ ተራራ ነው፤ ሣር እንኳ ለፍየል አይሰጥም። በሆዱ ግን የውጭ አገር ሰዎች የሚያብዱለትን ድንጋይ ይዟል። ወንዶቻችን ብርዱ ሲገባ ይቆፍሩታል፣ ያገኙትን በጨርቅ ጠቅልለው ፔሻዋር ከተማ፣ ናማክ ማንዲ ገበያ ይወስዱታል። እዚያ ገዢና ሻጭ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ደላላው መሃል ይገባል። ዋጋ በአፍ አይነገርም። ደላላው ሻሉን እጁ ላይ ጣል ያደርግና ከሥሩ የሰውየውን ጣቶች ይይዛል፤ አንድ ጣት ከተያዘ አንድ ነው፣ ሦስት ከተያዘ ሦስት፣ መዳፉ ሙሉውን ከሆነ አምስት። ዙሪያውን የተኮለኮለው ሰው አንገቱን ቢያሰግግ የሚያየው ሻሉ ሲነቃነቅ ብቻ ነው። ለወንድሜ ከዚህ የተሻለ እንጀራ ከየት ይመጣል? መስማት የለ፣ ማውራት የለ። ሐጂ ነቂብ የሚባለው ትልቁ የድንጋይ ነጋዴ ሳይቀር ከሌላ ደላላ ጋር መሥራት አይወድም ነበር።

ለምን እንዳላገባ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሚናገረው ግን የለም። ዋግማ ናት ምክንያቱ። የአባቷን ቤትና የእኛን ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ አጥር ነበር፤ ሦስታችንም እዚያ አጥር ላይ ተቀምጠን እግራችንን እያወዛወዝን ነው ያደግነው። እሷና እሱ እኩያ ናቸው፣ እኔ ከሥራቸው የማልጠፋ ትንሿ ነበርኩ። አንድ ቀን ዋግማ አጥሩ ላይ መውጣት ተወች። አድጋለች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ፊቷን አላየም። ልብ በሉልኝ፣ አላየም ነው ያልኩት። አንድ መንደር እየኖሩ፣ አንድ ሠርግና አንድ ለቅሶ እየዋሉ፣ እሷ በሴቶቹ ግቢ እሱ በወንዶቹ፣ ዕድሜ እንዲሁ አለፈ።

ድማሚቱ ጆሮውን የወሰደበት ጊዜ፣ ጭንቅላቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደተኛ፣ እናታችንን ዋግማን እንድትጠይቅለት ላካት። እናታችን ደህና ልብሷን ለብሳ፣ ጣፋጭ በሳህን ይዛ አጥሩን ዞራ ሄደች። ሻይ ሳይቀርብላት ተመለሰች። የዋግማ የአጎት ልጅ አስቀድሞ «የእኔ ናት» ብሎ ኖሯል። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ እንዲህ ካለ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ሚስት ሳይሆን ደም ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ከትራሱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጠራኝ። ያው ፍንዳታ ከተራራው ያወጣት ድንጋይ ነበረች። ከዶሮ እንቁላል ታንሳለች፣ ጎኗ ስድስት ነው፣ መልኳ ማር።

«ለዋግማ ስጫት» አለኝ። «ምንም አይደለችም፣ ዝም ብላ ከባድ ድንጋይ ናት በያት።»

ዋግማ መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ አደረገቻት። ከዚያ «ለምንድነው እንዲህ የከበደችው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተመልሼ ወንድሜን ጠየቅኩት። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ጆሮውን የሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ዋግማ ተዳረች።

ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር፤ ቢያንስ እንረግመዋለን። ዝምተኛ፣ ጸሎቱን የማያጓድል፣ በቆሎውን ዘርቶ በቆሎውን የሚሰበስብ ሰው ነበር። አንድ ሴት ልጅ ወለዱ፣ ስፖግማይ። አድጋ ወደ ኩዌታ ተዳረች፣ ከዚህ በአውቶቡስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ነው። ባሏ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ይሠራ ነበርና ጣራው ተደረመሰበት። ነፍሱ ተረፈች፣ ወገቡ ግን አልተረፈም። ስፖግማይ ሽባ ባልና ትንንሽ ልጆች ይዛ በጥልፍ ሥራ ትኖራለች። የዋግማ ባል ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሲሞት ልጅቷ «እማዬ ነይልኝ» ማለት ጀመረች። አጠገቧ ሁለት ክፍል ቤት ይሸጣል አለች። ዋግማ ደግሞ ከባሏ ወንድሞች የተረፈላት ነገር ቢኖር የምትተኛበት ክፍልና ሁለት ፍየል ነው።

እኔም ባሌ ከሞተ በኋላ ወንድሜ ቤት ተመልሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ዋግማ ጋ መሄድ ልማዴ ነው፤ የበቆሎ ቂጣ እንቆርሳለን፣ ሰው እናማለን። አንድ ቀን ሳጥኗን ከፈተችና ያችን ድንጋይ አወጣቻት። ዓይኔን አላመንኩም። እንደ መስታወት ታብረቀርቃለች። የሰናፍጭ ዘይት ነው። «ፀጉሬን በተቀባሁ ቁጥር እሷንም ቀባ አደርጋት ነበር» አለችኝ፣ ነገሩ የዕለት ሥራ ይመስል።

«ወንድምሽ ዋጋዋን ይንገረኝ» አለች።

«ልትሸጫት ነው?»

«እንግዲህ ምን ልሸጥ? ፍየሎቹን?»

ተናደድኩ፣ አልደብቅም። ይህን ሁሉ ዘመን አቅፋ ኖራ አሁን ገበያ! ብዙ ተናገርኳት፤ እኛን ጥለሽን ልትሄጂ ነው፣ ኩዌታ አቧራ ነው፣ ሰው አታውቂም አልኳት። ሰምታ ሰምታ፣ ልጄ ውኃ የሚያቀብላት ሰው የላትም ብቻ አለችኝ።  ድንጋይዋን በሻሌ ሥር ይዤ ወጣሁ።

ወንድሜ መዳፉ ላይ ሳደርግለት ወዲያው አወቃት፣ ጨርቁን ሳይፈታ። ክብደቷ ነገረው። እዚያው የገመድ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ቋጠሮዋን በመዳፉ አገላበጣት። አስቀምጣት ኖራለች ማለት ነው፣ አለ በመጨረሻ። ዘይት ስትቀባት እንደኖረች ስነግረው በደህናው ጆሮው በኩል ነበርኩ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ናማክ ማንዲ ይዟት ሄደ። ሐጂ ነቂብ ጣቱን አሳረፈባትና ጣቱን አሸተተ። እዚያ ገበያ ድንጋይ ዘይት የሚቀባ አጭበርባሪ ብቻ ነው፤ ዘይት ስንጥቅ ይደብቃል፣ የደበዘዘውን ያበራል። «ባህራማንድ፣ አንተም ጀመርክ?» ብሎት ሳቀበት፣ ሰዎቹም አብረው ሳቁ። ከሻሉ ሥር የሰጠው ዋጋ አንድ ወጠጤ አይገዛም። ወንድሜ በሕይወቱ እንደዚያ ተዋርዶ አያውቅም። ዘይቱን ማን እንደቀባና ለምን እንደቀባ ደግሞ ለማን ይነገራል? ተነሥቶ መጣ።

ታዲያ ያን ቀን ቤት ሲገባ ፊቱን አየሁት። የተዋረደ ሰው ፊት አልነበረም። ደስ ብሎታል! ዋጋ ካላወጣች ቤት የለም፣ ቤት ከሌለ ኩዌታ የለም። ዋግማ እንደ ወትሮዋ ከሁለት ቤት ወዲያ ትኖራለች፣ እሱም እንደ ወትሮው ከመስጊድ ሲመለስ በበሯ በኩል አድርጎ መንገዱን ያረዝማል። እንዳየሁበት ሲገባው አፈረ። እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ግን ክብደቷ አላስተኛውም። ከዘጊ ተራራ የሚወጣውን ባለ ስድስት ጎን ድንጋይ ገበያው «ማር» ይለዋል፤ የተማሩት ባስትናሳይት ይሉታል። ስልክና ማግኔት የሚሠሩባቸው ብርቅ ብረቶች አሉበት፣ ፍሎራይድም አለበት፣ ያው የጥርስ ሳሙና ላይ የሚጻፈው፣ ሌላም የሚያስፈላው ነገር አለበት። ሞቅ ያለ አሲድ ጠብ ሲደረግበት እንደ ሎሚናት አረፋ ያወጣል። ሌላ ዘመድ ግን አለው፣ ፍሉኦሰራይት የሚሉት፤ ብርቅ ብረቱና ፍሎራይዱ ብቻ ናቸው ያሉበት። ይከብዳል፣ አይፈላም። መልካቸው አንድ ነው። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ዘመን ያንን ያየው አንዴ ብቻ ነው፣ የምስር ፍሬ የምታክል። ሐጂ ነቂብ ካዝናው ውስጥ ቆልፎ፣ ለሚያከብረው እንግዳ ብቻ ነው የሚያሳያት። የዋግማዋ ደግሞ እንቁላል ታክላለች ለማለት ትንሽ ነው የሚቀራት።

ስለዚህ መሞከር ነበረበት። አሲድ የነካው ቦታ ሊደበዝዝ ይችላልና የባለቤቷ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለቤቷ ፊት ካልሆነም አልሞክርም አለ። እኔ ምን ፊት አላት ላንተ አልኩት፣ ግራ ጆሮውን ሰጠኝ።

በማግሥቱ ከእኔ ጋር ወደ ዋግማ ግቢ ሄደ። በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ፣ እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ደጃፉ ላይ፣ እኔ በመሃል መጋረጃውን በጉልበቴ ይዤ። የአሲዱን ብልቃጥ፣ አንዲት የብርጭቆ ዘንግና ከኪሱ ያወጣትን ተራ «ማር» ጨርቅ ላይ ደረደረ።

«ሽንካይ፣ ንገሪያቸው» አለኝ። የዋግማን ስም ከሚጠራ ቢሞት ይመርጣል። «ከፈላች ተራ ናት፣ ይህ ነው የሚባል ዋጋ የላትም። ካልፈላች…» አለና ቆመ።

ለመንገር አፌን ሳልከፍት ዋግማ ከውስጥ «ካልፈላችስ በይው» አለች።

«ካልፈላች ኩዌታ ታደርሳቸዋለች።»

መጀመሪያ በተራዋ ላይ ጠብ አደረገ። ትስ ብላ ፈላች። ቀጥሎ በዋግማ ድንጋይ ላይ። ምንም። ጠብታዋ እንደ እንባ ተቀመጠች። ወንድሜ አቀርቅሮ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ዘይቱ ነው አለ፣ ዘይቱ ከልክሎት ነው እንጂ አሲዱ መች ነካት። የሞቀ ውኃና ሳሙና አምጪ አለኝ።

አጠባት። ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነው ያጠባት፣ በአውራ ጣቱ፣ ጎን ጎኗን። ውኃው ቢጫ እየሆነ ሄደ፣ ግቢው የሰናፍጭ ሸተተ። ያ ዘይት የዋግማ ዕድሜ ነው፤ ሳህኑ ውስጥ ሲወርድ አየሁት። እሷም የውኃውን ድምፅ ሰምታ ቀስ ይበል በይው አለችኝ። አልነገርኩትም፤ ከዚያ በላይ ቀስ ሊል አይችልም።

እንደገና ጠብ አደረገ። ምንም። ቀዝቅዟል አለ፣ ብልቃጡን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረው። ሦስተኛውን ሲያንጠባጥብ ጎንበስ ብሎ ደህናውን ጆሮውን ወደ ድንጋይዋ አስጠጋ፣ በዓይኑ ያላየውን አረፋ በጆሮው ሊሰማ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይጸልይ ነበር። ምን ብሎ እንደሚጸልይ አልጠፋኝም፤ ድንጋይ እንዲረክስ የሚጸልይ ደላላ ፔሻዋር ከተቆረቆረች አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ አብሬው አሜን አልኩ።

አልፈላችም። ጠብታዋ በራሷ ደረቀች።

«ፈላች?» አለች ዋግማ ከውስጥ።

መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ምንም አታይም። እኔ ደግሞ የወንድሜ እህት ነኝ። «አዎ» ቢል ነገሩ ያን ቀን እዚያው ይቀር ነበር። ተመለከተኝ። እኔ ዓይኔን ወደ ሳህኑ አደረግሁ፣ እንደፈለግህ ማለቴ ነበር። ግራ ጆሮውን ወደ መጋረጃው አዞረ፤ ሊዋሽ ነው አልኩ። ከዚያ መልሶ ደህናውን አዞረና በእኔ በኩል ሳይል፣ ራሱ፣ ለራሷ መለሰ።

«አልፈላችም።»

አጥሩ ላይ መውጣት ከተወች ወዲህ ለእሷ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ናት።

ከጠርዟ ላይ ፍርፋሪ ተወሰደችና በሐጂ ነቂብ በኩል ለምርመራ ውጭ አገር ተላከች። የሙሽሙሽ ዛፎቹ አበባ ሲያወጡ ሄዳ፣ አበባው ሲረግፍ መልሱ መጣ። ድንጋይዋ ወንድሜ የጠረጠራት፣ የማትፈላዋ ዓይነት ናት። አሁን ሐጂ ነቂብ አልሳቀም፤ ገበያ አምጧት ሳይል ራሱ በመኪናው መንደራችን ድረስ መጣ።

ችግሩ ሌላ ሆነ። ሻጯ ሴት ናት። ደላላው የሻጭን ጣት መያዝ አለበት፣ ጣቷን ደግሞ ሊይዝ አይችልም። በአፍ እንዳይነጋገሩ ለባለ አንድ ጆሮ ሰው ዋጋ ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ሊሰማ ነው። የባሏ ወንድም እጁን በእሷ ፈንታ ይስጥ ተባለ። ዋግማ እንቢ አለች፣ የእኔን ድንጋይ በሰው ጣት አልሸጥም አለች። መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አላመሰገነኝም እንጂ። ከጥልፏ ላይ ረዘም ያለ ቀይ የሱፍ ክር በጠስኩ፤ አንዱን ጫፍ በእሷ ጣት፣ ሌላውን በመጋረጃው ሥር አሾልኬ በወንድሜ ግራ እጅ ጣት ላይ አሰርኩ። አንድ ጊዜ መሳብ አንድ ነው፣ ሦስት ጊዜ ሦስት። ሐጂው ቀኝ እጁን በሻሉ ሥር ለወንድሜ ቀኝ እጅ ሰጠ። እንዲህ ሆኖ ወንድሜ መሃል ተቀመጠ፣ በአንድ እጁ ገበያው፣ በአንድ እጁ ዋግማ።

እኔ ከውስጥ ከእሷ ጋር ነበርኩ። የመጀመሪያው ዋጋ በክሩ ሲመጣ ደነገጠች። ጣቷ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ ሲል ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መለሰች። ከእጥፍ በላይ ነው የሳበችው። ከውጭ የሐጂው ሳል ተሰማ። እንደገና መጣ፣ እንደገና መለሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው። ጉንጯ ቀልቶ፣ ልጃገረድ መስላ፣ የክሩን መምጣት በጉጉት ትጠብቃለች።

አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ዋጋው ለሁለት ክፍል ቤት በቃ፣ ተረፈም። በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። «በቃሽ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ገና ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ስለ ዋጋው አልነበረም። በውጭ ያለውም ቢሆን፣ በአንድ ትንፋሽ ገበያ የሚዘጋው ደላላ፣ ያን ቀን ቁራጭ ቁራጭ እየጨመረ ነገሩን እንደ ማስቲካ ይስበው ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሌላ ተቀዳ፣ እሱም ቀዘቀዘ። ሐጂ ነቂብ ትምባሆውን ተፋና ትዕግሥቱ አለቀ።

«ባህራማንድ፣ ዛሬ ደላላነትህ ለእኔ ነው ወይስ ለሻጯ?» ሲል ሰማሁት።

ወንድሜን ሳላየው አውቃለሁ፣ ግራ ጆሮውን ነው የሰጠው።

ግን ገበያ መጨረሻ አለው። ሐጂው ልነሣ ነው አለ፣ መጨረሻውን ሰጠ፣ ክሩ አመጣው፣ ዋግማም ልጇን አሰበች መሰለኝ መልሳ አንድ ብቻ ሳበች፤ እሺ ማለት ነው። ስምምነት ሲደረስ ደላላ የያዘውን እጅ ጠንከር አድርጎ ይነቀንቅና ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል መታጠፍ የለም። ወንድሜ የሐጂውን እጅ ነቀነቀና ለቀቀ። ክሩንም ሳብ አደረገ። አሁን እሷ መልቀቅ ነበረባት። ክሩ ሊላላ ነበር የሚገባው። አልላላም። ከእሷ ወገን ጠበቅ አለ፣ ጠብቆም ቆየ። ከውጭ ምንም እንቅስቃሴ አልነበረም። ሐጂው «ምን ሆነ?» አለ። ያኔ ዋግማ ቀለበት እንደሚያወልቅ ሰው ክሩን ከጣቷ አወጣችው።

ወንድሜ የድለላውን ድርሻ አልቀበልም አለ። ሐጂ ነቂብ ይህን ለገበያው ሁሉ አወራ፣ እስከ ዛሬ ያወራል፣ ምክንያቱን ግን አልደረሰበትም።

ዋግማ ሙሽሙሹ ሲበስል ሄደች። ሳጥኗን አውቶቡስ ላይ ስንጭን ግማሽ የደረሰ የሰናፍጭ ዘይት ጠርሙስ አወጣችና ሰጠችኝ። ያዢው እንጂ መንገድ ሩቅ ነው፣ ለፀጉርሽ አልኳት። «ለፀጉሬ ብቻ ብዙ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ወንድሜ አውቶቡሱ ጋ አልመጣም። ገበያ ነበር፣ እጁ በሻል ሥር።

አሁን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ስፖግማይ ስልክ ትደውላለች፣ ዋግማ ደህና ናት፣ የልጅ ልጆቿን ታሳድጋለች፣ ሽባውን አማቿን ፀሐይ ታስሞቀዋለች። እኔ ትናፍቀኛለች፤ ከሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ወደዚያ በር ሊወስደኝ ይነሣል። ወንድሜ ግን ስሟን አይጠራም። ከመስጊድ ሲመለስ አሁንም መንገዱን ያረዝማል። ክፍሏ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል፣ በሩ ላይ ሌላ መጋረጃ ተሰቅሏል። እኔ አልናገረውም። ባንናገርም ቤታችን ውስጥ እሷ የሌለችበት ቀን የለም።

ባለፈው ዓርብ የሄል ሻዩን ቀድቼለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሻዩን አልጠጣም። ግራ እጁን ያይ ነበር።

«ሽንካይ» አለ።

«ወይ ላላ።» ታላቅ ወንድም በእኛ እንዲህ ነው የሚጠራው።

«ያን ቀን፣ ከተስማማን በኋላ፣ ክሩን ሳበችው። ስንት ነበር እሱ? አንድ ነው? ወይስ ዋጋው አንሷት ኖሯል? በድያት ይሆን?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዞ ነው የኖረው። የሰው ሁሉ ጣት ያነብባል፣ ይቺን አንዷን ማንበብ አቅቶታል። ልነግረው አስቤ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ የሻረ ቁስል ለምን እነካለሁ ብዬ። አሁን ግን ጠየቀኝ።

«ቁጥር አልነበረም ላላ» አልኩት። «አልሳበችውም። ክሩን ጣቷ ላይ ደጋግማ ጠምጥማው፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይዛው ነበር። መልቀቅ አቅቷት ነው።»

ወንድሜ ፊቱን ማዞር ጀመረ። እንደ ልማዱ ግራ ጆሮውን ሊሰጠኝ ነው ብዬ ስኒውን ላነሣ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ዞሮ ዞሮ ደህናውን ጆሮውን ወደ አፌ አስጠጋ።

«ድገሚልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት።